የፓንዲያው ንጉሥ ኔዱንጃዳያን፦ መቼ ነገሠ? የመዳብ ሰነዱስ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ «ስለ ደቡብ ሕንድ ነገሥታት በአማርኛ መጣጥፍ እያዘጋጀሁ ነው። ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ኔዱንጃዳያን የተባለው የታሚል ንጉሥ፣ ካላብራ የሚባሉ አረመኔዎች ለሦስት መቶ ዓመታት በጨለማ የገዟትን ማዱራይን ነፃ አውጥቶ የፓንዲያን ሥርወ መንግሥት እንደ መሠረተ ይናገራል። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ይኸው ሰው ቫራጉና የሚባለው ንጉሥ ነው ይላል። የነገሠበትን ዓመት አንዱ 756፣ ሌላው 765፣ ሌላው 768 ያደርገዋል። የሁሉም ምንጭ አንድ የመዳብ ሰነድ ብቻ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። በአንድ ሰነድ ላይ ተደግፎ ታሪክ መጻፍ ይቻላል? ሰነዱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝስ?»

ምላሽ፦ ኔዱንጃዳያን ሥርወ መንግሥቱን አልመሠረተም፤ ካላብራዎችንም ከማዱራይ አላስወጣም። ሁለቱም ሥራዎች የሚነገሩት ከእርሱ በፊት ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ስለ ኖረው ስለ ካዱንጎን ነው። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም። የካዱንጎንን ድል የሚነግረን ዋናው ጽሑፍ በኔዱንጃዳያን ዘመንና በእርሱ ትእዛዝ የተቀረጸ በመሆኑ፣ ሰነዱን በችኮላ ያነበበ ሰው የአያት ቅድመ አያቱን ታሪክ ለባለ ሰነዱ ይሰጠዋል። በሰነዱ የትውልድ ቆጠራ መሠረት ከካዱንጎን ቀጥሎ ማራቫርማን አቫኒሱላማኒ፣ ከዚያ ሴንዳን፣ ከዚያ አሪኬሳሪ ማራቫርማን፣ ከዚያ ኮቻዳያን ራናዲራ፣ ከዚያ ማራቫርማን ራጃሲምሃ ይመጣሉ። ኔዱንጃዳያን የራጃሲምሃ ልጅ ሲሆን በተራ ሰባተኛው ንጉሥ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚጠይቁበት ሰነድ የቬልቪኩዲ ስጦታ ይባላል። አሥር የመዳብ ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ነው፤ ሙሉ ንባቡን በ1920ዎቹ አጥንቶ ያሳተመው የሕንድ ጽሑፎች ሊቅ ክሪሽና ሳስትሪ ነበር። አንዱ ክፍል በሳንስክሪት ቋንቋና ግራንታ በሚባለው ፊደል፣ ሌላው ክፍል በታሚል ቋንቋና በዚያ ዘመን በደቡባዊው የታሚል አገር ይሠራበት በነበረው ቫቴሉቱ በሚባል ክብ ክብ ፊደል ተቀርጿል። የወጣው ንጉሡ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት ነው። በሰነዱ ላይ የዓመተ ምሕረት ዓይነት ቁጥር አልተጻፈበትም፤ «በሦስተኛው ዓመት» ብቻ ይላል። ስለ ዘመኑ የሚነሣው ክርክር በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ ግን ሰነዱ ለምን እንደ ተጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ የተሳሳቱ ጽሑፎች ሰነዱን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ያነቡታል። ጉዳዩ የመሬት ክርክር ነው። ታሪኩ እንደሚለው ሙዱኩዱሚ ፔሩቫሉዲ የተባለ ጥንታዊ የፓንዲያ ንጉሥ፣ የኮርካይ አለቃ የነበረው ናርኮትራን የተባለ ብራህሚን (የሂንዱ ካህናት ወገን) አንድ የቬዳ መሥዋዕት ሥርዐት ሲፈጽም ቬልቪኩዲ የምትባለውን መንደር ሰጠው። ኮርካይ እኛም ልናስታውሰው የሚገባ ቦታ ነው፤ የአዱሊስን ወደብ የሚገልጸው በአንደኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ የኮርካይን የዕንቁ ማጥመጃም ይጠቅሳል። መንደሪቱ በናርኮትራን ወገኖች እጅ ለረጅም ጊዜ ከቆየች በኋላ፣ ሰነዱ «ካላብራን የተባለ የካሊ ንጉሥ» ብሎ የሚጠራው ገዥ ቁጥር የሌላቸውን ታላላቅ ነገሥታት አስወግዶ ሰፊውን ምድር ያዘ፤ የመንደሪቱም ባለ መብቶች ተነቀሉ። ከዚያ በኋላ ካዱንጎን «ከባሕር እንደሚወጣ ፀሐይ» ብቅ ብሎ የፓንዲያን ሥልጣን መለሰ። ልብ ይበሉ፤ መሬቱን ግን አልመለሰም። ሰነዱ ከዚህ ተነሥቶ የነገሥታቱን ዝርዝርና ጦርነታቸውን እየተረከ እስከ ኔዱንጃዳያን ሦስተኛ ዓመት ድረስ ይወርዳል።

በዚያ ዓመት ካማካኒ ናርቺንጋን የተባለ የናርኮትራን ዘር ነኝ ባይ በማዱራይ ከተማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቤት» አለ። ንጉሡ አስቀርቦ ጠየቀው፤ ሰውየውም የቀድሞው ንጉሥ ሰጥቶን የነበረውን ካላብራዎች ነጥቀውናል ሲል አመለከተ። ንጉሡ ፈገግ ብሎ «መልካም፣ መልካም፤ እንግዲያው የርስትህን ጥንታዊነት በአገሬው አስመስክረህ ውሰድ» አለው። «አገሬው» ያልኩት በታሚል ናዱ የሚባለው ነው፤ ይህም የወረዳውን ባለ መሬቶች የሚያሰባስብ ሸንጎ ነበር። ሰውየው እዚያው ማስረጃውን አቀረበ፤ ንጉሡም «አባቶቻችን በሥርዐቱ የሰጡትን እኛም ሰጥተናል» ብሎ በስጦታ ሥርዐት ውኃ አፍስሶ መንደሪቱን አጸናለት። ለእኔ ከሰነዱ ሁሉ ትልቁ ይህ ክፍል ነው። በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የፓንዲያ ንጉሥ የዘመናት የርስት ክርክር ሲቀርብለት በራሱ ቃል ብቻ ወስኖ አልሰጠም፤ የአገሬውን ምስክርነት ጠየቀ። ስለ አስተዳደሩ ይህን ያህል በቅርብ የሚያሳየን ሌላ ጽሑፍ በዚያ ሥርወ መንግሥት ውስጥ እምብዛም የለም።

እንግዲህ ይህ ሰነድ በእኛ አገር በወንጌል ኅዳግ ላይ እንደሚጻፍ የጉልት ጽሑፍ ነው። የጉልት ጽሑፍን የምናምንበት መንገድ የታወቀ ነው፦ ማን ምን ለማን ሰጠ፣ እነማን ምስክር ሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ሹማምንቱ እነማን ነበሩ በሚሉት ነጥቦች ላይ ጠንካራ ነው፤ ከጊዜው በፊት ስለ ነበረው ነገር ሲተርክ ግን የባለ ጉዳዩን ጥቅም ይዞ ይናገራል። የቬልቪኩዲንም ሰነድ በዚሁ ሚዛን ይመዝኑት። ስለ ኔዱንጃዳያን ፍርድ፣ ስለ ሹማምንቱ፣ ስለ አባቱ ጦርነቶች የሚለው በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች የወጣ ነው። ስለ ካላብራዎች የሚለው ግን ክርክሩን ለማሸነፍ የቀረበ ማስረጃ ነው፤ ነጣቂው ክፉ ካልሆነ የተነጠቀው ሰው አቤቱታ ይላላል።

ሐሰተኛ ነው ወይ ለሚለው፣ አይደለም ብሎ ለመመለስ በቂ ምክንያት አለ። የፊደሉ ቅርጽ ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ጋር ይስማማል። የመጀመሪያው ሰጪ ሙዱኩዱሚ ለዚህ ሰነድ ሲባል የተፈጠረ ስም አይደለም፤ ፑራናኑሩ በሚባለው የጥንታዊ ታሚል ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ብዙ የመሥዋዕት አዳራሾች ያሉት ንጉሥ ተብሎ ተወድሷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሰነዱ ላይ ስማቸው የሰፈረ ባለ ሥልጣናት ከሰነዱ ውጭ፣ በድንጋይ ላይ፣ በሌላ ጉዳይ ተጠቅሰው መገኘታቸው ነው። የዘመኑ ቁልፍም ያለው በዚሁ ነው።

የስጦታው አስፈጻሚ ሆኖ የተሾመው ማራን ካሪ የተባለ ሰው ነበር፤ ካራቫንዳፑራም ከሚባል ቦታ የወጣ፣ ቫይድያ በሚባለው የሐኪሞች ወገን የተወለደ፣ በንጉሡ አባት ዘመንም በጦር ሜዳ የዋለ ታላቅ ሹም ነው። በማዱራይ አቅራቢያ ባለው የአናይማላይ ኮረብታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለ የናራሲምሃ መቅደስ አለ፤ የዚያ መቅደስ ጽሑፍ እንደሚለው ያሠራው የፓንዲያው ንጉሥ የፓራንታካ ሚኒስትር ማራን ካሪ ነው። ፓራንታካ የኔዱንጃዳያን ሌላ ስሙ ነው። ይህ ጽሑፍ ለታሪክ ጸሐፊ ብርቅ የሆነ ነገር ይዟል፤ ካሊ በሚባለው የሕንዶች ዘመን 3871 ዓመት መፈጸሙን ይናገራል። የካሊ ዘመን የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 በመሆኑ፣ የተፈጸመ 3871 ዓመት ማለት 770 ዓ.ም. ነው። ሌላው ጽሑፍ እንደሚጨምረው ማራን ካሪ መቅደሱ ሳይመረቅ ሞተ፤ በሹመቱ የተተካው ወንድሙ ማራን ኤይናን ደጀ ሰላሙን አሠርቶ ምረቃውን ፈጸመ።

ከዚህ ምን ይገኛል? ማራን ካሪ በንጉሡ ሦስተኛ ዓመት በሕይወት ነበረ፤ የአናይማላይ መቅደስ ሲጠናቀቅ ግን ሞቷል። ስለዚህ ሦስተኛው ዓመት ከ770 ገደማ ሊያልፍ አይችልም፤ የንግሡም ዓመት ከ768 ሊዘገይ አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ይህ ስሌት የሚሰጠን የመጨረሻውን ወሰን እንጂ የንግሡን ዓመት አይደለም። 768 ማለት «ከዚህ አይዘገይም» ማለት ነው፤ «በዚህ ዓመት ነገሠ» ማለት አይደለም። ታችኛው ወሰን የሚገኘው ከአባቱ ነው። ራጃሲምሃ ቬንባይ በሚባል ቦታ ከአንድ «ቫላባ» ጋር እንደ ተዋጋ ሰነዱ ይናገራል፤ ይህም በደካን የሚገዛው የቻሉክያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ኪርቲቫርማን ዳግማዊ እንደ ሆነ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አለው። ኪርቲቫርማን የነገሠው በ740ዎቹ አጋማሽ፣ ሥልጣኑንም በ750ዎቹ ያጣ በመሆኑ፣ ራጃሲምሃ እስከ 750 አካባቢ በዙፋን ላይ ነበር ማለት ነው። የልጁ ንግሥ እንግዲህ ከ750 ገደማ እስከ 768 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ካነበቧቸው ሦስት ቁጥሮች አንዱም ከዚህ አይወጣም፤ አንዱም ግን የተረጋገጠ አይደለም። 765 በብዛት የሚጻፈው ለወሰኑ ቀረብ ያለ ግምት ስለ ሆነ ነው።

የካዱንጎን ዘመን ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የላላ ነው። በየመጽሐፉ የሚያገኙት 590 የሚለው ቁጥር በየትኛውም ድንጋይ ላይ የለም፤ ከኔዱንጃዳያን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። ከ590 እስከ 765 ያለው 175 ዓመት በመካከል ለነገሡት ስድስት ነገሥታት ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ይደርሰዋል። ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ዙፋን ይህ የሚቻል ነው፤ ግን ረዘም ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሰጥ ካዱንጎን ወደ 615 ይወርዳል። ስለዚህ «በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በሰባተኛው መጀመሪያ» ማለት ከ590 የበለጠ እውነት ነው።

አሁን ወደ ካላብራዎች ልምጣ። «ሦስት መቶ ዓመት ጨለማ» የሚለው አባባል የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ቋንቋ ነው፤ ሥሩ ግን በዚሁ በቬልቪኩዲ ሰነድ ላይ ያለው የተነቃዩ ወገን ክስ ነው። ከከሳሽ በቀር ምስክር ያልተሰማበት ፍርድ ለታሪክ አይበቃም፤ ደግነቱ ሌሎች ምስክሮች አሉ። ቡድሃዳታ የተባለው የቡድሃ ሃይማኖት ሊቅ በካቬሪ ወንዝ አገር ተቀምጦ የፓሊ ድርሳናቱን ሲጽፍ፣ የዘመኑ ገዥ ከካላብራ ወገን የሆነው አቹታቪካንታ መሆኑን አመስግኖ ጠቅሷል። ፑላንኩሪቺ በሚባል ቦታ በዐለት ላይ የተገኘው፣ ብዙዎች በአምስተኛው ክፍለ ዘመን የሚያስቀምጡት ረጅም ጽሑፍ ደግሞ ሴንዳን ኩትራን ስለ ተባለ ንጉሥ ይናገራል፤ በርከት ያሉ ሊቃውንት ይህን ንጉሥ ከካላብራዎች ይቆጥሩታል፤ የማይቀበሉትም አሉ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ መቅደሶች ይጠበቃሉ፣ ለብራህሚኖች የተሰጠ መንደር አለ፣ የመሬቱ የበላይ መብትና የአራሹ መብት ተለይተው ተጽፈዋል። የአራሽን መብት ለይቶ የሚመዘግብ መንግሥት ሥርዐት አልባ ነበር ማለት አይቻልም። ካላብራዎች የአንዳንድ ብራህሚኖችን መሬት ወስደው ሊሆን ይችላል፤ የቬልቪኩዲ ክስ ያንን ያህል ይመሰክራል። ከዚያ ያለፈውን፣ አገሩ ሁሉ ተደመሰሰ፣ ዕውቀት ጠፋ የሚለውን፣ መጣጥፍዎ ውስጥ ባያስገቡ እመክራለሁ።

ጦርነቶቹንም በዚሁ ጥንቃቄ ያንብቡ። ሰነዱ ራጃሲምሃ የፓንዲያዎች የሰሜን ጎረቤትና ባላንጣ የሆነውን የፓላቫውን ንጉሥ ናንዲቫርማን ፓላቫማላን በብዙ ቦታ ድል እንዳደረገ፣ ከነዚህም አንዱ ማኒኩሪቺ እንደ ሆነ ይዘረዝራል። የናንዲቫርማን የጦር አለቃ ኡዳያቻንድራን የሚያወድሰው የኡዳየንዲራም የመዳብ ሰነድ ደግሞ በማናይኩዲ የፓንዲያን ጦር የሰበረው ኡዳያቻንድራ ነው ይላል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ቦታ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሁለቱም ቤተ መንግሥት ድሉን የራሱ አድርጎ መዳብ ላይ ቀረጸው። ውጊያ እንደ ነበረ በሁለቱም ምስክርነት ጸንቷል፤ ማን አሸነፈ የሚለውን ግን የፓንዲያን ወይም የፓላቫን ሰነድ ብቻ ይዘው አይፍረዱ። ካቬሪ ወንዝ አካባቢ ድንበሩ ወዲያና ወዲህ ሲገፋ መኖሩን የምናውቀው እንዲህ ካሉ ተቃራኒ ሰነዶች ነው።

ኔዱንጃዳያን ራሱ ያደረጋቸውን ዘመቻዎች በተመለከተ ቬልቪኩዲ ገና በሦስተኛ ዓመቱ የተጻፈ በመሆኑ የሚለው ጥቂት ነው፤ ከካቬሪ በስተ ደቡብ ፔናጋዳም ላይ ፓላቫውን እንዳሸነፈ ይናገራል። የኋላውን የምናገኘው በአሥራ ሰባተኛ ዓመቱ ከወጣው ከስሪቫራማንጋላም ሰነድ ነው። እዚያ ላይ አዲጋይማን የተባለውን የኮንጉ (ከማዱራይ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ አገር) አካባቢ መኰንን በካቬሪ ሰሜናዊ ዳርቻ ወግቶ አሸነፈው፤ ሊረዱት የመጡትን ፓላቫውንና ኬራላውን ወዲያና ወዲህ አባረራቸው፤ የምዕራብ ኮንጉን ንጉሥ ከነዝሆኖቹ ማርኮ ማዱራይ ውስጥ አሰረው፤ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ የቪሊናምን ምሽግ አፈረሰ። እውነቱን ከውዳሴ ለመለየት አንድ መንገድ አለ፦ አጠቃላይ የሆነውን («ምድርን ሁሉ ያዘ») ትቶ በስም የተጠራ ቦታና በስም የተጠራ ሰው ያለበትን መያዝ ነው። በዚህ ሚዛን ኮንጉንና ደቡብ ምዕራቡን ዳርቻ ወደ ግዛቱ መጨመሩ አስተማማኝ ነው። ይኸው ሰነድ የሰጠው መንደር ከሩቁ ሰሜን፣ ከማጋዳ፣ ለመጣ ሱጃታ ባታ ለተባለ ብራህሚን ነው፤ በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ምን ያህል ርቀው ይጓዙና መሬት እየተሰጣቸው ይሰፍሩ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

ስለ ቫራጉና የጠየቁት ከሁሉ የከበደው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። የፓንዲያ ነገሥታት ማራቫርማንና ሳዳያቫርማን የሚባሉትን የማዕረግ ስሞች በየተራ ይጠሩባቸው ነበር፤ አባት አንዱን ከያዘ ልጅ ሌላውን ይይዛል፤ የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ይመለሳል። በዚህ ላይ የውዳሴ ስሞች ሲጨመሩ አንድ ንጉሥ አራት አምስት ስም ይኖረዋል፤ ሁለት ነገሥታት ደግሞ አንድ ስም ይጋራሉ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቺናማኑር የመዳብ ሰነድ ከራጃሲምሃ ቀጥሎ ቫራጉና ነገሠ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ስሪማራ ስሪቫላባ ነገሠ ይላል። ቬልቪኩዲ ደግሞ ከራጃሲምሃ ቀጥሎ ያለው ኔዱንጃዳያን ነው ይላል። የደቡብ ሕንድን ታሪክ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ ኒላካንታ ሳስትሪ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ ኔዱንጃዳያንና ቫራጉና ቀዳማዊ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ደመደመ። የማይቀበሉትም አሉ፤ አንድ ሰው ከሆኑ ዘመኑ ከ765 ገደማ እስከ 815 ገደማ ሄዶ ሃምሳ ዓመት መሙላቱ፣ የስሪቫራማንጋላም ሰነድም ይህን ንጉሥ ፍጹም የቪሽኑ ተከታይ ሲለው በቫራጉና ስም የሚታወቁት ስጦታዎች ለሺቫ መቅደሶች መሆናቸው ያጠራጥራቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ አይከብድም፤ የዚያ ዘመን ንጉሥ የግል አምልኮው ምንም ይሁን ለሌላውም መቅደስ መስጠት የተለመደ ነበር።

ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በአምባሳሙድራም ጽሑፍ ላይ ነው። «ቫራጉና ማሃራጃ» በአሥራ ስድስተኛ ዓመቱ፣ በሰሜን በፔናይ ወንዝ ዳር አራይሱር ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ በታምራፓርኒ ወንዝ አገር ላለው የሺቫ መቅደስ 290 ካሱ የሚባል ገንዘብ ሰጠ። ገንዘቡ ዋናው ሳይነካ እንዲኖር ለኢላንጎኩዲ መንደር ሸንጎ በአደራ ተሰጠ፤ ሸንጎው ለእያንዳንዱ ካሱ በዓመት ካላም በሚባለው የእህል መስፈሪያ ሁለት፣ በጠቅላላው 580 ካላም ሩዝ ከነገለባው እየሰፈረ ለመቅደሱ የዕለት አገልግሎት እንዲያገባ ግዴታ ገባ። የመንደር ሸንጎ የዘላለም ገንዘብ ተቀብሎ ወለዱን በእህል የሚከፍልበት ይህ አሠራር ኋላ ማዱራይን በያዙት በቾላዎች ዘመን በየቦታው የሚታየው ነው፤ ፓንዲያዎች ግን ቀድመው ይሠሩበት ነበር። ይህ ጽሑፍ የቫራጉና ቀዳማዊ ከሆነ ኔዱንጃዳያን ሠራዊቱን ከማዱራይ ተነሥቶ በፓላቫው አገር መሀል እስከ ፔናይ ድረስ አድርሷል ማለት ነው። የልጅ ልጁ የቫራጉና ዳግማዊ ከሆነ ግን የዚያ ዘመቻ ክብር የሌላ ነው። ለቫራጉና ዳግማዊ የተሻለ የዘመን ምስክር አለን፤ በአይቫርማላይ ኮረብታ ያለው የጃይኖች (ጃይን የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች) ጽሑፍ የዚህን ንጉሥ ስምንተኛ ዓመት ሳካ ከሚባለው የሕንዶች ዘመን 792፣ ማለትም ከ870 ጋር ስለሚያገናኝ በ862 አካባቢ መንገሡ የጸና ነው።

ስለ ሃይማኖት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የፓንዲያን መመለስ የሂንዱዎች ድል በጃይኖችና በቡድሂስቶች ላይ አድርጎ የሚያቀርብ አጻጻፍ በብዛት ይገኛል። አሁን ያልኩት የአይቫርማላይ ጽሑፍ በፓንዲያ ንጉሥ ዘመን የጃይን ምስሎች ሲታደሱ ያሳያል። በካሉጉማላይ ኮረብታም በስምንተኛውና በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከአንድ ዐለት ወደ ታች እየተፈለፈለ የተጀመረ፣ ታችኛው ክፍሉ ሳይጠናቀቅ የቀረ የሺቫ መቅደስና በርካታ የጃይን ቅርጾች በአንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ከጃይኖቹ ምስሎች ሥር ያሠሯቸው ሰዎች ስም በቫቴሉቱ ተጽፏል። ቦታውን የማየት ዕድል ያገኘ ሰው የዚያ ዘመን አማኞች በአንድ ተራራ ላይ እንደ ነበሩ ያያል።

የሥርወ መንግሥቱን ፍጻሜ በአጭሩ ማስቀመጥ ይችላሉ። ስሪማራ ስሪቫላባ ስሪላንካን ወረረ፤ በኋላም የሲንሃላ ጦር ማዱራይን ዘረፈ። ቫራጉና ዳግማዊ በ880ዎቹ አካባቢ በቲሩፑራምቢያም በፓላቫዎችና በጋንጋ አጋሮቻቸው ተሸነፈ። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቾላው ፓራንታካ ማዱራይን ያዘ፤ የመጨረሻው ራጃሲምሃም ዘውዱን ይዞ ወደ ስሪላንካ ሸሸ። ይህ ፓራንታካ ከኔዱንጃዳያን ጋር ስም ይጋራል እንጂ ዘመድም ወገንም አይደለም፤ ሁለቱን አዋሕደው የጻፉ ጽሑፎች ስላሉ ይጠንቀቁ።

ለመጣጥፍዎ የምሰጠው ምክር የጸና ነው። ካዱንጎንን የሥርወ መንግሥቱ መላሽ ብለው በስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በሰባተኛው መጀመሪያ ያስቀምጡት። ለኔዱንጃዳያን «ከ768 ሳይዘገይ ነገሠ፤ በ770 በዙፋን ላይ ነበር» ብለው ይጻፉ፤ 770 ከአናይማላይ ድንጋይ የተገኘ ስለ ሆነ ያለ «ገደማ» ሊጻፍ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ቫራጉና ቀዳማዊን ከእርሱ ጋር አንድ ማድረጉ የብዙዎች አቋም በመሆኑ ሊከተሉት ይችላሉ፤ ግን «እንደ ኒላካንታ ሳስትሪ አመለካከት» የሚል ቃል ይጨምሩበት፣ የአምባሳሙድራምንም ዘመቻ ለኔዱንጃዳያን አይስጡት። ካርታ የሚሥሉ ከሆነ ማዱራይን፣ ታምራፓርኒን፣ ኮንጉንና የቪሊናምን ዳርቻ በአንድ ቀለም ይሙሉ፤ የካቬሪን ዳርቻ በተቆራረጠ መሥመር ይተዉት፤ ከካቬሪ በስተ ሰሜን ያለውን አይቀቡት።